ውሃ ያልጠጣሁበት ወቅት

ከተጋባን በኋላ ልጅ ቶሎ አልመጣም። ባለቤቴ ዲላ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። እኔ ግብርና ኮሌጅ ተምሬ፣ በየዓመቱ የቡናው ወቅት ሲደርስ ወርቃ አካባቢ ካሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በአንዱ በኮንትራት እቀጠር ነበር። የምንኖረው ከአማቴ ጋር፣ በእሳቸው ቤት ነው። አማቴ ስለ ልጅ በቀጥታ አንስተውብኝ አያውቁም። ግን ጎረቤት ስትወልድ አራሷን ጠይቀው ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ይቀመጡና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ለእኔ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ማርገዜን ያወቅሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ባለቤቴ ለእናቱ ሲነግራቸው እኔ ጓዳ ነበርኩ። ምንም ድምፅ ስላልሰማሁ ብቅ ብል አማቴ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ይሰግዳሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዲ ከእጄ ይነጥቁኝ፣ ጎንበስ ስል ይቆጡኝ ጀመር። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ተወድጄ አላውቅም ነበር።

የቡናው ወቅት ሲደርስ ግን ወደ ወርቃ ልሂድ አልሂድ የሚለው ነገር አጨቃጨቀን።

"ዘንድሮ ይቅርብሽ ልጄ፤ ከርሞም ቡና አለ" አሉኝ አማቴ።

"ከርሞ ቡና አለ፣ እኔን የሚጠራኝ ግን የለም እማማ። አንድ ወቅት የቀረ ሰው ቦታው በሌላ ይያዛል።"

ባለቤቴን አዩት። እሱ እንደ ልማዱ እናቱንም እኔንም ሳያስከፋ "እሷ ከቻለች ትሂድ፣ ከደከማት ትመለሳለች" ብሎ ተነሣ። ሄድኩ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ሌላ ምክንያት ብሰጥ ውሸት ይሆንብኛል።

ጣቢያው ከወንዝ በላይ ተዳፋት ላይ ነው። ገበሬው ቀዩን እሸት ቡና በጆንያ ያመጣል፤ ቡናው ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠሩ ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ በአልጋዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ የተበላውን፣ የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጣሉ። እኔ የምቆጣጠረው እነሱን ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ አልጋው ይሸፈን፣ ደመና ሲመጣ ሸራ ይጎተት እያልኩ ከጥዋት እስከ ማታ ላይ ታች እላለሁ። አንድ ቤት ተከራይቼ ሳምንቱን እዚያው አድራለሁ፣ እሑድ እሑድ ሲመቸኝ ዲላ እመለሳለሁ።

ጣቢያው ሽንት ቤት አልነበረውም ብል ውሸት ነው። ነበረው። በብሎኬት የተሠራ፣ ግድግዳው በነጭ ሴራሚክ የተለበጠ፣ መስታወትና የእጅ መታጠቢያ ያለው፣ ጣራው ላይ ሮቶ የተቀመጠለት ሽንት ቤት ነበር። የተሠራው ቡናውን ሊገዙ ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች ነው። ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ይውላል። የሠራተኞቹ ጉድጓድ ባለፈው ክረምት በዝናብ ተደርምሶ ነበር። "ይቆፈራል" ይባላል። ሲባል ነው የከረመው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቢያንስ ሲያናግሩት አይመስልም። በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለ፣ ሳቂታ፣ ለሰው ሻይ የሚጋብዝ ሰው ነው። እርጉዝ መሆኔን ነግሬ ቁልፉን የጠየቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

"ለእንግዳ ነው እኮ" አለኝ። "ሠራተኛ ከገባበት በሳምንቱ ያበቃለታል።"

"እኔ ብቻዬን ብጠቀምበትስ? አጥቤው ነው የምወጣው።"

"ላንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። ሌሎቹ ምን ይሉኛል?" ብሎ ሳቀ። ፍትሐዊ መሆኑ ነው።

ወንዶቹ ከመፈልፈያው ቤት ጀርባ ይጨርሳሉ። ሴቶቹ ቀደም ሲል ከአጥሩ ማዶ ወዳለው የእንሰት ማሳ ይገቡ ነበር። ባለ ማሳው ሽማግሌ ሰለቻቸውና በእሾህ አጠሩት፣ ውሻም አሰሩበት። አልፈርድባቸውም፤ ከእንሰቱ ሥር ነው ቤታቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቡና ተሸክሞ በሚወርድና በሚወጣ ሰው የተሞላ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ደኑ ሁሉ የሰው ጓሮ ነው፤ ከቡናው ሥር ሰው አለ፣ ከእንሰቱ ሥር ሰው አለ፣ ዛፉ ላይም ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው አለ። ሴት ልጅ ለደቂቃ የምትቀመጥበት ባዶ ቦታ አይገኝም።

ከለቃሚዎቹ አንዷ እዚያው የተወለደች የጌዴኦ ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ያላት፣ ሳቅ የማትወድ፣ ግን ለእኔ የምታስብ ሴት ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን አንተ ነው የምትለኝ።

"አንተ ለምንድነው ውሃ የምትጠጣው?" አለችኝ አንድ ቀን፣ የፕላስቲክ ጠርሙሴን አይታ።

"ጠምቶኝ።"

"እኛም ይጠማናል። ማታ ቤት ስትሄድ ትጠጣለህ። እዚህ ከጠጣህ የት ትሄዳለህ?"

እሷና ሌሎቹ ጥዋት ከቤት ሲወጡ ጨርሰው ይመጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ጉንጭ አይቀምሱም፣ ደረቅ ቆጮ በልተው በደረቅ ጉሮሮ ይውላሉ። እኔም ለመድኩት። ጠርሙሴን ቤት መተው ጀመርኩ። ፀሐዩ ከላይ ያቃጥላል፣ ልጁ ከውስጥ ፊኛዬን ይገፋል፣ እኔ እግሬን አጣብቄ በአልጋዎቹ መሃል እመላለሳለሁ። ከጊዜ በኋላ ስሜቱ ራሱ ደነዘዘ። ማታ ቤቴ ደርሼ ስቀመጥ እንኳ ቶሎ እሺ አይለኝም፣ ሲመጣም ጥቁር ሻይ ይመስላል።

የእርግዝና ክትትል ጀምሬ ነበር። በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ክብደቴን መዘነች፣ ደም ግፊቴን ለካች፣ ደም ወሰደች። ሽንት የምቀበልበት ዕቃ እስክትሰጠኝ ስጠብቅ ራሷን ነቀነቀች።

"የሽንት መመርመሪያው አልቋል። ሲመጣ እንሠራልሻለን።"

"መቼ ይመጣል?"

"እሱን እኔም አላውቅም። ከቻልሽ የግል ክሊኒክ አሠሪ። ካቃጠለሽ ወይም ካተኮሰሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ። ውሃ በደንብ ጠጪ።"

ከኋላዬ የተሰለፉትን ሴቶች አይታ ቶሎ ጨረሰችልኝ። አልተቀየምኳትም። ውሃ ጠጪ ስትለኝ ግን ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ማቃጠል የጀመረኝ ሆዴ በደንብ ሲታይ፣ ልጁም ሲንቀሳቀስ መሰማት ከጀመረ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቅመም የበዛበት ወጥ ነው አልኩ። ከዚያ በየደቂቃው መሄድ ያምረኛል፣ ስሄድ ደግሞ ጠብ ትላለች፣ እሷም እንደ ሚጥሚጣ። እሑድ ዲላ ስመጣ ለባለቤቴ ነገርኩት። አብረን ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድን፤ ሽንቴ ተመረመረ። ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ። የጤና መኮንኑ ለእርጉዝ የሚሆን ነው ብሎ እንክብል አዘዘልኝ፣ ደኅና ብሆን እንኳ እስኪያልቅ እንዳላቋርጠው ነገረኝ፤ ሲያልቅም ተመልሼ እንድመረመር። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል።

ቤት ስንደርስ አማቴ መድኃኒቱን አዩት። እንክብሉን ወደ ብርሃን አድርገው አገላበጡት።

"ይሄ ምንድነው?"

"የሽንት ኢንፌክሽን ነው እማማ። ለእርጉዝ የሚሰጥ ነው።"

"ምች ነው ያገኘሽ። ፀሐይ ላይ ውለሽ፣ ትኩስ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል። እርጉዝ ሴት ኪኒን አትውጥም። ያቺ የታችኛው ሰፈር ልጅ ምን ወለደች? አላየሽም?"

የታችኛው ሰፈር ልጅ የወለደችው እጁ ያልተሟላ ሕፃን ነው። ምን እንደዋጠች፣ ጨርሶም መዋጥ አለመዋጧን የሚያውቅ ሰው የለም። አማቴ ግን ያውቃሉ። በዚያው ምሽት ዳማከሴ አሽተው አጠጡኝ፣ ተልባ በጠበጡልኝ፣ ሆዴን በቅቤ አሹኝ። እጃቸው ለስላሳ ነበር። እስኪሻለኝ ብዬ ጥቂት ቀን ዲላ ቆየሁ፤ እንክብሉንም ደብቄ መዋጥ ጀመርኩ፣ ማቃጠሉም ቀለል አለ። ከዚያ አማቴ ብልቃጡን ትራሴ ሥር አገኙት። አልተቆጡም፤ አለቀሱ። "የልጄን ልጅ ልትገድይብኝ ነው" እያሉ አለቀሱ።

ባለቤቴ ወደ እኔ መጣ። "አሁን እኮ ማቃጠሉ ትቶሻል" አለኝ። "ካላቃጠለሽ ምን ይሠራልሻል? እናቴን አታስጨንቂያት።"

"እስኪያልቅ ውሰጂ ሲሉኝ አብረኸኝ ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ። እነሱ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።"

ብልቃጡ እዚያው ዲላ ቀረ፤ አማቴ ወስደው የት እንዳደረሱት አላውቅም። እኔ ወርቃ ተመለስኩ። ደህና ነበርኩ። ለተወሰኑ ቀናት በእርግጥ ደህና ነበርኩ፤ እሳቸው ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም እስከማለት ደርሼ ነበር።

ከዚያ ጎኔን አመመኝ። ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ከጀርባ በኩል፣ በቡጢ እንደተመታ ሰው። ጥዋት ስነሳ ብርድ አንቀጠቀጠኝ፤ ጋቢ ደርቤ፣ ጃኬት ደርቤ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጥርሴ ይጋጫል። ለቃሚዋ ጓደኛዬ ግንባሬን ነካችና እጇን ቶሎ መለሰች።

"አንተ እየተቃጠልክ ነው። ወደ ቤትህ ሂድ።"

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ። የዚያን ቀን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ጣቢያው ከማለዳ ጀምሮ ይጠረጋል፣ ሴቶቹ አዲስ ሽርጥ ተሰጥቷቸዋል።

"ወባ ይሆናል" አለኝ።

"ወርቃ ደጋ ነው፤ ወባ ከየት ይመጣል? ሐኪም ቤት መሄድ አለብኝ።"

"እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ ታገሺኝ። ስለ አልጋዎቹ የሚጠይቁትን ካንቺ በቀር የሚመልስልኝ የለም። ከዚያ በራሴ መኪና አደርስሻለሁ።"

አመንኩት። እንግዶቹ መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ቡናውን በእጃቸው እያፈሱ ያሸታሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። የጠየቁኝን መለስኩላቸው፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ፣ ሆዴም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሲለቀኝ፣ መልሶ ሲጠነክር ነው የማስታውሰው። ሴትዮዋ ሽንት ቤት ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በፈገግታ ከፈተላት። ስትወጣ እጇን እያደረቀች በእንግሊዝኛ "ሴቶቹ ሠራተኞችስ የሚጠቀሙት የቱን ነው?" ብላ ጠየቀችው። እሱም ወደ እንሰቱ አቅጣጫ በእጁ እያሳየ "የእነሱ በዚያ በኩል ነው፣ እያደስነው ነው" አላት። እሷም ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች። ለቃሚዎቹ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ስታያቸው ፈገግ አሉላት። እሱ ዞር ብሎ በሩን ቆለፈው።

መኪናው እንግዶቹን ይዞ ሊወርድ ሲል ሮጬ ደረስኩ።

"ቦታ የለም" አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኋላ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። የናሙና ቡና ካርቶኖች ተጫኑበት። "ነገ ጥዋት እልክሻለሁ" ብሎ ገባ።

ነገን የምጠብቅበት አቅም አልነበረኝም። ጓደኛዬ ሽርጧን ፈትታ አልጋው ላይ ጣለችና ባለ ሞተር ጠርታ መጣች። እኔን መሃል አስቀመጡኝ፤ እሷ ከኋላዬ ሆና በሁለት እጇ ሆዴን ከሥር ደገፈችልኝ፣ ልጁ እንዳይነቃነቅ ያህል። እስከ ጌዴብ ከተማ ድረስ እንደዚያ አድርጋ ያዘችኝ። ሚኒባስ ላይ አሳፍራኝ ተመለሰች፤ ሥራውን ጥላ በመምጣቷ የዚያ ቀን ደመወዟ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

ይርጋጨፌ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመ። እኔ በመስኮቱ ላይ ተደግፌ ምጥ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሙስሊም ሴት፣ ከነቤተሰቧ ሸቀጥ ገዝታ የምትመለስ ነጋዴ፣ ፊቴን አይታ ሹፌሩ ላይ ጮኸችበት። "ሰው ልትገድል ነው? የጎደለውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳ" አለችው። እግዜር ይስጣት። ነዳ።

ደውዬለት ስለነበር ባለቤቴ ዲላ መናኸሪያ ጠበቀኝ። በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ገና ሳይመሽ ልጁ መጣ፤ ከመዳፍና ከክንድ የማይበልጥ፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ ጥፍር ያለው ልጅ። ወንድ ነበር። አዋላጇ ታሳየኝ ወይስ ትሸፍነው ግራ ገብቷት ቆመች። "አሳዪኝ" አልኳት። አሳየችኝ። በነጠላዬ ጠቅልላ ለባለቤቴ ሰጠችው። የት እንደቀበረው ጠይቄው "ደህና ቦታ ነው" አለኝ፤ ሁለተኛም አልጠየቅሁትም።

ትኩሳቴ እስኪወርድ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ብዙ ቀንም ቆየሁ። ወጣቱ ሐኪም አልጋዬ ዳር ቆሞ ለሁለታችን አስረዳን። የሽንት ኢንፌክሽኑ ሳይድን ወደ ኩላሊት ወጥቷል፣ ከፍተኛው ትኩሳትና ኢንፌክሽኑ ማሕፀኔ እንዲኮማተር አድርጎታል አለን።

"ሞተር ላይ ስለተቀመጠች አይደለም?" አለ ባለቤቴ።

"አይደለም። ሞተሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ምጡ ጀምሯታል። መጀመሪያ ሲያማት መድኃኒት ወስዳ ነበር?"

ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔ "ጀምሬ ነበር" አልኩ። ሐኪሙ "የሚድን ነበር" አለ። ሊወቅሰን አልፈለገም፤ ግን አለው።

ሆስፒታል ውስጥ ለእኔ ዓይነቷ ያለው ስም ውርጃ ነው። በራሱ የወረደውም፣ ታስቦ የተደረገውም፣ ሁለቱም ውርጃ ይባላል። የጽዳት ሠራተኛዋ በኮሪደሩ "የውርጃዋ ምግብ መጥቷል" ብላ ስትጣራ ሌላ ሰው ሊጠይቁ የመጡ የሰፈራችን ሴቶች ሰምተዋል። ቤት ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አስወረዳት በሚለውና አስወረደች በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አንዷ ጎረቤት ልትጠይቀኝ መጥታ እጄን ይዛ "ለሥራ ብለሽ ነው አይደል?" አለችኝ፣ እያዘነችልኝ። እጄን ቀስ ብዬ ከእጇ አወጣሁ።

ለቅሶ አልተቀመጠም። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድር አይመጣም፣ ጥቁር አይለበስም። ጡቴ ግን ወተት ሞላ። በጨርቅ አጥብቄ አስሬው ጓዳ ውስጥ ስቀመጥ ሳሎን ውስጥ አማቴ ለመጣው ሰው ሁሉ ይናገራሉ፦ "ሞተር ላይ ወጥታ ነው። በዚያ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ሞተር ላይ ወጥታ። ቅሪ ብያት ነበር።" በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከወር በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ልጄን የገደለችው ሞተር እንደሆነች፣ የወጣሁባትም እኔ እንደሆንኩ ያውቅ ነበር። ባለቤቴ እዚያው ሳሎን ውስጥ የተማሪ ፈተና ያርማል።

ሰውነቴ ሲጠና ወርቃ ሄድኩ፣ ዕቃዬን ላመጣ። በቦታዬ ሌላ ሴት ተቀጥራለች። ሥራ አስኪያጁ አዝኖ ነበር፣ ሻይ አዘዘልኝ። "እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል" አለኝ። ሻዩን አልጠጣሁም። ከእሱ ቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩበት መሥሪያ ቤት ሄድኩና ስለ ተቆለፈው ሽንት ቤት አቤት አልኩ። ያነጋገረኝ ሰው በትሕትና ሰማኝ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጣቢያውን ሊያዩ ሄዱ። ምን እንዳዩ የነገረችኝ ጓደኛዬ ናት፣ በስልክ።

"መጡ" አለች። "ሽንት ቤቱ ተከፈተ። ውሃ ተሞላ፣ ሳሙና ተደረገ። አዩት። 'ቆንጆ ነው' አሉ። ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተቆለፈ።"

እሷ አሁንም እዚያው ትሠራለች። ሌላ ሥራ የለም።

እንደገና ያረገዝኩት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው። በዚህኛው ጊዜ ለማንም ሳልናገር ክሊኒክ ሄጄ ሽንቴን አስመረመርኩ። አያቃጥለኝም፣ አያመኝም፣ ምንም የለኝም ነበር፤ ኢንፌክሽኑ ግን ተገኘብኝ። ምልክት ሳይኖረው በእርጉዝ ሴት ላይ ሊኖር እንደሚችል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱን ቤት አመጣሁና ገበታ ላይ፣ አማቴ ፊት፣ በየቀኑ በውሃ ዋጥኩት። የመጀመሪያ ቀን አማቴ ጉርሻቸውን አስቀመጡ።

"ደግሞ?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ደግሞ።"

"የፈራሁት አይቀርልኝም" ብለው ተነሡ። በዚያ ሳምንት አላናገሩኝም። እስኪያልቅ ዋጥኩት፤ ተመልሼ ተመረመርኩ፣ ነፃ ነሽ ተባልኩ። እስክወልድ ድረስ በየጊዜው ተመረመርኩ። ከቤትም ሳልወጣ አይደለም፤ ዲላ አንድ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፣ ከጓሮው ሽንት ቤት ያለው። ሥራውን የያዝኩት እሱን አይቼ ነው ብል ማን ያምነኛል።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ እልል ብለው ተቀበሏት፣ ይወዷታል፣ አይጠግቧትም። በክርስትናዋ ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ አንዷ ዘመዳቸው "እሰይ፣ የፊተኛውን ካሰችልሽ" ስትላቸው አማቴ እጃቸውን አርገበገቡ። "ምነው፣ የፊተኛውማ በሰው እጅ የጠፋ ነው። ሞተር ላይ ባትወጣ ኖሮ ይኸኔ እየሮጠ ነበር" አሉ። ባለቤቴ ጠላ እየቀዳ ነበር። መቅዳቱን ቀጠለ።

እንግዳው ሲያልቅ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ጓሮ ብርጭቆ እያጠብን ጠየቅሁት። እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

"ሐኪሙ የነገረንን ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ምን አለን?"

ብርጭቆውን ውሃ ውስጥ አሽከረከረው። "ኢንፌክሽኑ ነው አለን። የሚድን ነበር አለን።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ እናትህ እኔን ሲከሱ ለምን አንድ ቀን አልነገርካቸውም?"

"ብነግራትስ ምን ይመለሳል? መድኃኒቱን የወሰደችብሽ እሷ ናት። ይሄን ይዛ እንዴት ትኖራለች?"

"እኔስ?"

"አንቺ ጠንካራ ነሽ" አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው። በእውነት ሊያመሰግነኝ ነው።

ብርጭቆዎቹን ጨርሰን ገባን። አልተለያየንም፤ ሰው እንደሚኖረው እንኖራለን። ደግ ሰው ነው፣ ልጅቷን ያጥባል፣ ደመወዙን ቤት ያመጣል። አማቴም እያረጁ ነው፤ ሲያማቸው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጣቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ሳያጉረመርሙ ይውጣሉ። እኔ ግን ሲያመኝ በዚያ ቤት ውስጥ ለማንም አልናገርም። ቦርሳዬን ይዤ ገበያ ደርሼ ልምጣ እላለሁና ክሊኒክ ብቻዬን እሄዳለሁ።